ኬርሶን፤ በዲኔፕር ወንዝ ዳር የቆመች የወደብ ከተማና የታሪክ ምስክሮቿ

የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ስለ እስኩቴስ አገር በጻፈ ጊዜ፣ ከአገሩ ወንዞች አብልጦ ያመሰገነው ቦሪስቴኔስ ብሎ የጠራውን ወንዝ ነው። ለሰው በሚሰጠው ጥቅም ከግብጹ ዓባይ በቀር የሚበልጠው የለም ሲል ፈርዶለታል። ይህ ወንዝ ዛሬ ዲኔፕር፣ በዩክሬናውያን አነጋገር ዲኒፕሮ የሚባለው ነው። ወንዙ 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጥቁር ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በቀኝ ዳሩ የኬርሶን ከተማ ትገኛለች።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በዚህች የወደብ ከተማና በአውራጃዋ የሚገኙትን የታሪክ ቦታዎችና ሐውልቶች ነው። ቦታዎቹን ለመንገደኛ ማስታወቂያ ያህል ብቻ መዘርዘር አሳባችን አይደለም። ሐውልት ሁሉ ስለ ሞተው ሰው ከሚናገረው በላይ ስላቆመው ሰው ይናገራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታ ስናነሣ ማን አቆመው፣ ለምን አቆመው፣ ማንንስ ሳይጠራ ቀረ ብለን እንጠይቃለን።

ኬርሶንን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከተማዋን ያሠራው ሹም ኢቫን ሐኒባል ስለ ሆነና የአባቱም ትውልድ በልማድ ከአገራችን ጋር ተያይዞ ሲነገር ስለ ኖረ ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ በ2022 እና በ2023 የከተማዋ ቅርሶች ራሳቸው የጦርነት ምርኮ ስለ ሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ከከተማዋ መቆርቆር በፊት

ስለ ኬርሶን የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ1778 ነው። ከዚያ በፊት አገሩ ባዶ ሜዳ ነበረ የሚለውን አነጋገር የሩሲያ ባለሥልጣኖች ይወዱት ነበር። ምድሩ ራሱ ግን ለዚህ ቃል አይመሰክርም።

በሜዳው ላይ ተበትነው የሚታዩት የእስኩቴስ ጉብታ መቃብሮች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከከተማዋ ወደ ላይ፣ በትያሂንካ መንደር አጠገብ፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ያገለገለ ምሽግ ፍራሽ አለ። ይህ ምሽግ አገሩ በሊትዋኒያ ታላቅ መስፍን በቪታውታስ ግዛት ሥር ከነበረበት ዘመን ጋር ይያያዛል። ከዚያም አልፎ የሚገኘው የቤሪስላቭ ከተማ፣ ቀድሞ ካዚ ከርመን የተባለ የቱርኮች ምሽግ የነበረበት ስፍራ ነው። በ1695 በሄትማን ኢቫን ማዜፓ የሚመሩት የዩክሬን ኮሳኮችና በቦሪስ ሸረሜቴቭ የሚመራው የሩሲያ ጦር አብረው ያዙት።

ኮሳኮች አለቃቸውን በጉባኤ የሚመርጡ፣ በጌታ ሥር መገበርን የማይወዱ ወታደሮች ነበሩ። ዋና ሰፈራቸውን ሲች ይሉት ነበር። ማዜፓ ከጴጥሮስ ታላቁ ከድቶ ወደ ስዊድን ንጉሥ በዞረ ጊዜ የዛፖሮዥዬ ኮሳኮችም ስለ ተከተሉት፣ የሩሲያ ጦር በ1709 ሲቻቸውን አጠፋው። ከዚያ በኋላ የተሰደዱት ኮሳኮች ከቤሪስላቭ በላይ በወንዙ ዳር ካሚያንስካ ሲች የተባለውን ሰፈር ቆረቆሩ። በዚያም ከ1709 እስከ 1711፣ ዳግመኛም ከ1730 እስከ 1734 ተቀመጡ። በመካከሉ፣ ከ1711 እስከ 1728፣ ከኬርሶን ፊት ለፊት በግራው ዳር በኦሌሽኪ በክሪሚያ ካን ጥበቃ ሥር ኖረዋል። በ1733 የሞተው አለቃቸው ኮስት ሆርዲየንኮ መቃብሩ በካሚያንስካ ሲች ነው። ይህ ቦታ በ2019 በብሔራዊ ፓርክ ተከልሏል።

እንግዲህ ከ1778 በፊት በዚህ ወንዝ ዳር ቀራጭም፣ ወታደርም፣ ስደተኛም ነበረ። የጎደለው ሰው ሳይሆን የድንጋይ ሕንጻ ነው። ንግሥተ ነገሥት ዳግማዊት ካተሪና የመጨረሻውን ሲች በ1775 አስፈርሳ፣ አለቃውን ፔትሮ ካልኒሼቭስኪን በሰሜን ባሕር ወዳለው ወደ ሶሎቬትስኪ ገዳም በግዞት ሰደደችው። ኬርሶን የተቆረቆረችው ከዚህ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዓመቶቹ መቀራረብ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

የኬርሶን መቆርቆርና ኢቫን ሐኒባል

ሩሲያ በ1774 ከቱርክ ጋር ባደረገችው የኩችክ ካይናርጃ ውል በዲኔፕርና በቡግ ወንዞች መካከል ያለውን ምድር አገኘች። ወደ ጥቁር ባሕር የምትወጣበት በር ተከፈተላት ማለት ነው። በሩን የሚጠብቅ ምሽግና መርከብ የሚሠራበት ቦታ ስላስፈለገ፣ ካተሪና በ1778 ከተማ እንዲሠራ ትእዛዝ ሰጠች። የሥራው የበላይ ተመልካች ልዑል ግሪጎሪ ፖተምኪን ሲሆን፣ በቦታው ሆኖ ሥራውን እንዲመራ የተሾመው ኢቫን አብራሞቪች ሐኒባል ነው።

ኢቫን በ1735 ተወለደ። አባቱ አብራም ፔትሮቪች ሐኒባል በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ፣ ከዚያም በ1704 ገደማ ወደ ጴጥሮስ ታላቁ ቤተ መንግሥት የመጣ ሰው ነው። ንጉሡ የክርስትና አባት ሆነው አሳደጉት፤ በፈረንሳይ አገር የምሽግ ሥራን ተምሮ በሩሲያ ጦር ውስጥ እስከ ከፍተኛው የጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰ። ልጁ ኢቫንም በባሕር ኃይል የመድፈኛ ክፍል አገልግሎ፣ በ1770 በግሪክ አገር የናቫሪኖን ምሽግ ከቱርኮች እጅ ያስለቀቀውን ጦር መርቷል። የሩሲያ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን የኢቫን ወንድም የኦሲፕ የልጅ ልጅ ነው።

ኢቫን ሐኒባል በኬርሶን የአፈር ግንብ አስቆልሎ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትና የመርከብ መሥሪያ አሠራ። በ1783 ባለ 66 መድፍ የሆነው የመጀመሪያው ትልቅ የጦር መርከብ ተሠርቶ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ስሙም የካተሪና ክብር ተባለ። ለጎብኚ የሚታዩት የኦቻኪቭ በርና የሞስኮ በር የተባሉት ሁለቱ የድንጋይ በሮች፣ የግምጃ ቤቱ ሕንጻና የአፈሩ ግንብ ቅሪት ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። በወንዙ ዳር ደግሞ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ መርከብ ሠሪዎች መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ነገር ግን ምሽግ በትእዛዝ ብቻ አይሠራም። አፈር የቆፈሩት፣ ድንጋይ ያመላለሱትና ዕንጨት የጠረቡት ወታደሮች፣ ገባሮችና ከሩቅ አውራጃ የመጡ የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። መርከቡ ወደ ውሃ በወረደበት በዚያው በ1783 በከተማዋ ቸነፈር ገብቶ አያሌ ሰው ፈጀ። የንግሥቲቱ ስም በመርከቡ ላይ ተጻፈ፤ የገባሮቹ ስም ግን በሁለቱ በሮች ላይ አይነበብም። ኢቫን ሐኒባልም ከፖተምኪን ጋር ስላልተስማማ አገልግሎቱን ትቶ ወደ ርስቱ እንደ ገባ ፑሽኪን ጽፏል። ኢቫን የሞተው በ1801 ነው።

የካተሪና ካቴድራልና የከተማዋ ስም

በምሽጉ ውስጥ ከ1781 እስከ 1786 የተሠራው የቅድስት ካተሪና ካቴድራል ከሕንጻዎቹ ሁሉ የታወቀው ነው። ቅድስቲቱ የንግሥቲቱ ስም ሞክሼ መሆኗን ልብ ይሏል። የከተማዋም ስም ቢሆን እንዲሁ በአሳብ የተሰየመ ነው፤ በክሪሚያ ከነበረችው ከጥንታዊቱ የግሪኮች ከተማ ከኬርሶኔሶስ የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን ለተሠሩት ከተሞች እንደ ሴቫስቶፖልና ሲምፌሮፖል ያለ የግሪክ ስም ይወጣላቸው ነበር። የካተሪና አሳብ ቱርኮችን ከቁስጥንጥንያ አስወጥታ የግሪኮችን መንግሥት በሩሲያ ጥላ ሥር ማቆም ነበረ። በ1779 የተወለደውን ሁለተኛውን የልጅ ልጇንም ቆስጠንጢኖስ ብላዋለች። በ1787 ከኦስትርያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ዮሴፍ ጋር ኬርሶንን በጎበኘች ጊዜ፣ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚወስደው መንገድ ይህ ነው የሚል ጽሕፈት በበሩ ላይ ተጽፎ እንደ ተቀበላት ይተረካል።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ካቴድራሉ የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ቃልም ነበረ። በግቢው ውስጥ በ1788 በኦቻኪቭ ጦርነት የሞቱ መኰንኖች ተቀብረዋል። ፖተምኪንም በ1791 በሞልዳቪያ መንገድ ላይ ሲሞት አስከሬኑ መጥቶ በካቴድራሉ ወለል ሥር አረፈ። የካተሪና ልጅ ቀዳማዊ ጳውሎስ ግን የእናቱን ባለሟል አጥብቆ ይጠላ ስለ ነበረ፣ በ1798 መቃብሩ እንዲጠፋ አዘዘ። አንድ ንጉሥ ያከበረውን ሌላው ያዋርዳል፤ የፖተምኪን አጥንት ከዚህ በኋላም ዕረፍት እንዳላገኘ ወደ ፊት እንመለከታለን።

የጆን ሆዋርድ መታሰቢያ

በዚህች በጦር አለቆች በተሞላች ከተማ ውስጥ አንድ ልዩ ሐውልት አለ። ጆን ሆዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1726 የተወለደ፣ ዕድሜውን የአውሮፓን ወህኒ ቤቶች እየዞረ በመመርመር ያሳለፈና የእስረኞች አያያዝ እንዲሻሻል የተከራከረ ሰው ነው። ስለ ወህኒ ቤቶች ሁኔታ የጻፈው መጽሐፍ በ1777 ታተመ። በመጨረሻው ጉዞው ወደ ኬርሶን መጥቶ የወታደሮችን ሆስፒታሎች ሲመረምርና ሕሙማንን ሲጎበኝ ተስቦ ይዞት ጃንዋሪ 20 ቀን 1790 ሞተ። የተቀበረው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። በ1820ዎቹ ዓመታት ደግሞ በከተማዋ ውስጥ በወህኒ ቤቱ አንጻር የፀሐይ ሰዓት ያለበት የድንጋይ ሐውልት ቆመለት።

ሆዋርድ በኬርሶን ምሽግ አልያዘም፣ መርከብም አላሠራም። ይሁን እንጂ ከላይ ስማቸው ያልተጻፈላቸውን ወታደሮችና ሕሙማን በአልጋቸው አጠገብ ሄዶ ያየ እርሱ ነው። ስለዚህ የከተማዋን ሁለተኛ ታሪክ፣ ማለትም የተራውን ሰው ታሪክ፣ ከሩቁም ቢሆን የሚያስታውሰን ይህ ሐውልት ነው እንላለን።

የወደቡ ኋለኛ ዘመን

የዲኔፕር አፍ ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ከኬርሶን ወደ ባሕር ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነበረ። ስለዚህ የጦር መርከብ ሥራው በ1789 ወደ ተቆረቆረችው ወደ ሚኮላይቭ እያደላ ሄደ፤ የባሕሩንም ንግድ በ1794 የተመሠረተችው ኦዴሳ ወሰደችው። ኬርሶን በ1803 የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና የእህልና የዕንጨት መተላለፊያ የወንዝ ወደብ ሆነች።

ከዚህ ዘመን ከተረፉት ሥራዎች አንዱ በወንዙና በባሕሩ መገናኛ ላይ፣ በሪባልቼ መንደር አጠገብ በውሃ ውስጥ የቆመው የአጂጎል የመብራት ማማ ነው። ቭላድሚር ሹኾቭ የተባለው መሐንዲስ በ1911 ያሠራው ሲሆን ቁመቱ 64 ሜትር ነው። ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች እርስ በርሳቸው ተጋድመው እንደ መሶብ ወርቅ ወገብ መካከሉ የቀጠነ ቅርጽ ስለሚሰጡት፣ ብረቱ ጥቂት ሆኖ ነፋሱን ይቋቋማል። የተሠራው ለማንም ገናናነት ሳይሆን መርከበኛ መንገዱን በሌሊት እንዳይስት ነው።

በግራው ዳር ርቆ በሚገኘው ሜዳ ደግሞ አስካኒያ ኖቫ የተባለው ጥብቅ ቦታ አለ። ፍሪድሪክ ፋልትስ ፋይን የተባለ ባለርስት በ1898 ያልታረሰ ሜዳ ከልሎ እንዳይነካ አደረገ። በዚያም የዱር ፈረሶችን፣ ከአፍሪካ የመጡ የሜዳ አህዮችንና ትልልቅ አጋዘኖችን አረባ። ዩኔስኮም ቦታውን በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል።

በሶቪየት መንግሥት ዘመን ከኬርሶን በላይ በ1956 የተጠናቀቀው የካኾቭካ ግድብ ታላቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጠረ። ከእርሱ የሚወጣው ውሃ እስከ ክሪሚያ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን የኮሳኮችን ጥንታዊ ምድር ከነመንደሮቹ ዋጠው። ይህም ሥራ እንደ ቀድሞዎቹ የራሱን ዘመን አጉልቶ የፊተኛውን የሸፈነ ነበረ።

በ2022 እና በ2023 የሆነው

የሩሲያ ጦር ኬርሶንን በማርች 2022 መጀመሪያ ያዘ። በሴፕቴምበር 30 ቀን ሞስኮ አውራጃውን የራሷ ግዛት ነው ብላ አወጀች። የዩክሬን ጦር እየቀረበ በመጣ ጊዜ ግን ሩሲያውያኑ ወደ ግራው ዳር ለመሻገር ተዘጋጁ፤ ኖቬምበር 11 ቀን 2022 ዩክሬናውያን ከተማዋን መልሰው ያዙ።

ለጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር የሚሆነው ከመሻገራቸው በፊት የወሰዱት ነው። በኦክቶበር የፖተምኪን፣ የሱቮሮቭና የኡሻኮቭ ሐውልቶች ከቆሙበት ተነቅለው ተጫኑ። በካቴድራሉ ወለል ሥር የነበረው የፖተምኪን አጥንትም ወጥቶ መወሰዱን በእነርሱ የተሾመው የአውራጃው ገዢ ራሱ አስታወቀ። በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ ደግሞ ከከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም 14,000 ከሚያህለው ስብስብ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሥዕልና ቅርጽ ተጭኖ ብዙው ወደ ሲምፌሮፖል ሄደ። የአውራጃው የታሪክ ሙዚየምም እንዲሁ ተዘረፈ።

ወታደር ሲሸሽ የሚይዘው ስንቅና ጥይት ነው። የሁለት መቶ ዓመት አጥንት መጫን ምን ይጠቅመዋል? መልሱ፣ አጥንቱ እንደ ርስት ደብዳቤ መቆጠሩ ነው። ከተማዋን የሠራናት እኛ ነን የሚል ክርክር ያለው ወገን ማስረጃዬ የሚለውን ጥሎ አይሄድም። የሆዋርድ ሐውልት ግን ከተወሰዱት መካከል አልነበረም፤ ለማንም መንግሥት የርስት ክርክር አይረዳምና።

ከተማዋን መልሶ ከያዘው ከዩክሬን ጦር ጋር መከራው አላበቃም። ወንዙ የጦር ግንባር ሆነና ከግራው ዳር የሚተኮሰው መድፍ ከተማዋን ይመታት ጀመር፤ ኦገስት 3 ቀን 2023 የቅድስት ካተሪና ካቴድራል ተመታ። ከዚያ በፊት፣ ጁን 6 ቀን 2023፣ በሩሲያ ጦር እጅ የነበረው የካኾቭካ ግድብ ፈርሶ ውሃው የሁለቱንም ዳር መንደሮች አጥለቀለቀ። በኦሌሽኪ በጎርፉ ከተጎዱት ቤቶች አንዱ የፖሊና ራይኮ ነው። ይህች በ2004 የሞተች ሴት ሥዕል ያልተማረች የገጠር ሰው ስትሆን፣ በ69 ዓመቷ ብሩሽ አንሥታ በጡረታ ገንዘቧ በገዛችው የተራ ቤት ቀለም የቤቷን ግድግዳና ጣራ በአዕዋፍ፣ በአበባና በቤተ ሰቧ መልክ ሞላችው። ቤቷም የጎብኚዎች መድረሻ ሆኖ ነበር። ንግሥት ሳታዝዝ፣ መሐንዲስም ሳይለካ የተሠራ የአንዲት ተራ ሴት ሐውልት በውሃ ውስጥ ገባ። በዚያው ጎርፍ የሐይቁ ውሃ ሲጎድል ደግሞ ከ1956 ጀምሮ ተሸፍኖ የነበረው የኮሳኮች ምድር ተመልሶ ተገለጠ።

ስለ ሐኒባል ለእኛ የሚቀረው ጥያቄ

አሁን ወደ ኢቫን ሐኒባል እንመለስ። አብራም ሐኒባል ራሱ በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ የተወለደው በአፍሪካ በላጎን ከተማ መሆኑን ጽፏል። በቤተ ሰቡ የተጻፈው የሕይወት ታሪኩ ከሐበሻ ወገን ያደርገዋል። በ1899 ሩሲያዊው ሊቅ ዲሚትሪ አኑቺን ቦታው በሐማሴን ያለ ሎጎን ነው ሲል ጻፈ፤ ይህም አሳብ በአገራችን ተወዳጅ ሆኖ ኖሯል፤ በአዲስ አበባም በፑሽኪን ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። በ1990ዎቹ ግን የቤኒን ተወላጅ የሆነው ዲዮዶኔ ኛማንኩ ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ በካሜሩን የምትገኘው ሎጎን ቢርኒ ናት ብሎ ማስረጃውን አቅርቧል። ብዙ ተመራማሪዎችም አሳቡን ተቀብለውታል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሐኒባልን ለምን እንለቃለን ይሉ ይሆናል። እኛ እንልቀቀው አንልም። የምንለው፣ በአንድ ሰው ስንመካ ሥራውን ሙሉውን እንወቅ ነው። ኢቫን ሐኒባል ብርቱ ወታደርና አሠሪ ነበረ፤ ያሠራትም ከተማ ኮሳኮችን ከጥቂት ዓመት በፊት የበተነ መንግሥት ወደ ቁስጥንጥንያ ለመሻገር ያቆማት መረማመጃ ነበረች። ሁለቱም እውነት ስለ ሆነ አንዱን ለመናገር ሌላውን መተው አይገባም።

ደግሞም የኢቫን ስም ለሩሲያ የርስት ክርክር ጥሩ መልስ ይሰጣል። ከተማን ያሠራ ሁሉ የከተማዋ ባለቤት የሚሆን ከሆነ፣ ኬርሶንን ይገባኛል የምትል አንዲት የአፍሪካ መንደር በተነሣች ነበር። እንዲህ ያለው አሳብ እንደማይረባ ሁሉም ያውቃል። ከተማ የሚኖርባትና የሚሞትላት ሕዝብ ናት፤ በ2022 የኬርሶን ሕዝብ ወታደር በሞላበት አደባባይ ባዶ እጁን ወጥቶ ፈቃዱን በሰልፍ ገልጿል።

እንግዲህ ሰላም ሆኖ ኬርሶንን ለማየት የሚታደል ተማሪ ቢኖር ጉብኝቱን ከካቴድራሉ እንዳይጀምር እንመክረዋለን። አስቀድሞ ወደ ካሚያንስካ ሲች ሄዶ የሆርዲየንኮን መቃብር ይመልከት፤ ከዚያ ወደ ምሽጉ በሮች ይምጣና ድንጋዩን የተሸከሙትን ያስብ፤ በሆዋርድ ሐውልት ሥርም ጥቂት ይቁም። ባዶ ሆነው የቀሩትን የሐውልት መቆሚያዎችና የሙዚየሙንም ግድግዳ አይለፋቸው፤ እነርሱም የታሪክ ሰነድ ናቸው። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ወደ ካቴድራሉ ቢገባ፣ ሕንጻው የሚነግረውንም የሚደብቀውንም ለይቶ ለማወቅ ይችላል።